ሙሉ በሙሉ ረክተዋል

«ግምገማ» የሚለውን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል። ማጋነኔ አይደለም፤ ምራቄ አፌ ውስጥ ይሞላል። ስብሰባ ላይ ቃሉን ደጋግመው ሲያነሡት ወደ በሩ ጠጋ ብዬ መቀመጥ ልማዴ ሆኗል። ሰበቡ ከሆሳዕና ወደ ሾኔ ሲወርዱ ከመንገድ ገባ ብላ ያለች አንዲት መንደር ናት። ስሟን አልጠራም፤ ያኔ በአፌ ያደረስኩባት ይበቃታል።

ጊዜው የመንደር ምሥረታ ጊዜ ነበር። ገበሬው ከእንሰት ጓሮው እየተነቀለ፣ በገመድ በተለካ መስመር ላይ ጎጆ እንዲቀልስ የታዘዘበት ጊዜ። እኔ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ያደግኩት በሐዲይኛ፣ እንጀራዬን የምበላው በአማርኛ ነው። አንድ ጠዋት ዳይሬክተራችን ከክፍል አስጠራኝና፣

«አውራጃው አስተርጓሚ ፈልጓል። ንጹሕ ሸሚዝ አለህ?» አለኝ።

ሸሚዝ ነበረኝ። ከሸሚዙ ሥር ምን እንዳለ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝም ያን ጊዜ ደህና ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የውጭ አገር ድርጅት ባለፈው ዓመት ለዚያች መንደር ምንጭ አጎልብቶ፣ የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ገንብቶ፣ ሁለት ቧንቧ ተክሎ ሄዷል። አሁን ሥራው ምን እንዳፈራ ሊገመግሙ ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንድ ቀጭን ፈረንጅና አንድ ከአዲስ አበባ የተላከ ባለሙያ። ፈረንጁ አማርኛ አይሰማም፤ ባለሙያው ሐዲይኛ አይሰማም። ስለዚህ የፈረንጁ ጥያቄ በባለሙያው አማርኛ፣ ከዚያም በእኔ ሐዲይኛ አልፎ ገበሬው ጋ ይደርሳል፤ መልሱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። በሁለት ሰው አፍ የታኘከ ጉርሻ ለሦስተኛው ሲቀርብ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ላንድሮቨሩ ውስጥ ባለሙያው መጠይቁን አሳየኝ። በአማርኛ የተባዛ ወረቀት ነው፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን «አዎ» እና «አይደለም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አሉ። ውኃ አግኝተዋል? ውኃው ለቤትዎ ቅርብ ነው? ሴቶች ውኃ ለመቅዳት የሚያጠፉት ጊዜ ቀንሷል? እስከ ታች አነበብኩት። ውኃው ደህና ነው ወይ የሚል ጥያቄ ፈልጌ አጣሁ። እስቲ ልበል ብዬ ጠየቅሁት።

«የውኃ ፕሮጀክት እኮ ነው፣» አለና ሳቀ። «ውኃ እንደሚጠጣ ይታወቃል።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መልሱን አሳጥርልኝ። ገበሬ ወሬ ይወዳል፣ እኛ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሆሳዕና መመለስ አለብን። ደህና ከሠራህ ለሌሎቹም ቦታዎች እንወስድሃለን፤ ምናልባት በቋሚነት፣» አለኝ።

«በቋሚነት» የምትለዋን ቃል ሳላላምጥ ዋጥኳት። ከመኪናው ኋላ በእንጨት ሣጥን የተደረደረ የጠርሙስ ውኃ እየተጋጨ ይንቃጨል ነበር። የውኃ ገምጋሚዎች የሚጠጡትን ውኃ ይዘው መጓዛቸው ያን ዕለት አላስገረመኝም። እንዲያውም አንዱን ሲሰጡኝ ደስ ብሎኝ ነው የጠጣሁት።

ስንደርስ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ጠበቀን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ካፖርቱን ደርቦ፣ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ከፊት ቆሟል። እልልታው ቀለጠ። ፈረንጁ ማጠራቀሚያውን ፎቶ ሊያነሣ ሲሄድ እኔም ተከተልኩ፤ ገና ሃያ እርምጃ ሲቀረን ሽታው መጣ። የምን ሽታ እንደሆነ ለመናገር ይከብደኛል፤ ግን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱው ስለሆነ እናገራለሁ። የሰው ዐይነ ምድር ሽታ ነው። ቧንቧው ሥር አረንጓዴ ልጋግ ተጋግሯል፤ ዝንቡ አይጣል ነው።

እዚያ ቆሜ ሳለሁ አንዲት እናት እጅጌዬን ያዙኝ። የውኃውን ነገር እንዲከታተሉ ሴቶቹ የመረጧቸው ናቸው። ጀርባቸው ላይ ሁለት ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጃቸውን አዝለዋል፤ ልጅቷ ዐይኗን ገለጥ ታደርግና መልሳ ትከድነዋለች።

«አንተ የኛ ልጅ ነህ አሉ፣» አሉኝ በሐዲይኛ። «እንግዲህ ስማኝ። መንደር ስንመሠርት ጉድጓዱን ሁሉ እዚያ አስቆፈሩን።» በአገጫቸው ወደ ላይ አመለከቱኝ። ከማጠራቀሚያው በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ የመንደሩ መጸዳጃ ቤቶች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። «ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ወደዚህ ነው የሚወርደው። የድሮው ምንጫችን ከጉድጓዶቹ በላይ ነው፤ ንጹሕ ነበር። እሱን ደግሞ ሕዝቡ አዲሱን ውኃ እንዲለምድ ብለው በሲሚንቶ ደፈኑት። ልጆቻችን ሆዳቸው አልቆም አለ። ይቺም እንደምታያት ናት። እኛ ሌላ አንፈልግም፤ የላይኛውን ይክፈቱልን። ነገ ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ። ሦስት እሑድ ሙሉ ተመካክረንበታል። አንተ ብቻ በደንብ አድርስልን።»

«ነገ» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ አገር እንግዳ በመጣ ዕለት ቅሬታ አይነገረውም፤ ነውር ነው። የመጀመሪያው ቀን የመብልና የምርቃት ነው። ጉዳይ የሚነሣው እንግዳው አድሮ፣ ጠዋት ከባለቤቶቹ ጋር አንድ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ ነው። ሊፈርድ የመጣ ሰው ደግሞ የሚፈርድበትን ነገር በገዛ አካሉ ያውቀዋል፤ ድንበር እንደሆነ በእግሩ ይረግጠዋል፣ እህል እንደሆነ ይቀምሰዋል። እነሱም የቧንቧውን ውኃና የላይኛውን ምንጭ ውኃ በሁለት ቅል አቅርበው ለእንግዶቹ ሊያስቀምሱ ቆርጠዋል። በሊቀመንበሩ ቤት አዲስ ሰሌን ተነጥፎ፣ ጋቢ ተደርቦበት አልጋ ተዘጋጅቷል። ሊጠይቅ የመጣ ሰው መልሱን ሳይሰማ ይሄዳል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ስንት ሌላ ነገር አውቀው ይህንን አለማወቃቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መጠይቁ ተጀመረ። ባለሙያው ያነባል፤ እኔ እተረጉማለሁ፤ ሰዎቹ ይመርቃሉ። «ውኃ አግኝተዋል?» ሲባሉ «እግዜር ይስጣቸው፣ ልጆቻቸው ይደጉላቸው፣ መንገዳቸው ይቅና» ይላሉ። እኔ «አዎ» እላለሁ። ባለሙያው ሣጥኗ ውስጥ ምልክት ያደርጋል። «ለቤትዎ ቅርብ ነው?» ደግሞ ምርቃት፣ ደግሞ «አዎ»። እንዲያ እንዲያ እያልን ወረድን። የሰጠው ጠያቂ ነው፣ የተቀበለው መላሽ ነው፤ ሰጪውን የሚጠይቅ ግን የለም። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ንጉሡ ወርዷል ብለን ዘምረን ሳንጨርስ ሌላ የማይከሰስ መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ምሳ ቀረበ። በግ ታርዷል፤ ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራው አታካና በትልቅ ሳህን መጣ። ከመብሉ በፊት እጅ አስታጠቡን፤ የሚያስታጥቡን በቧንቧው ውኃ ነው። ባለሙያው እጁን ታጥቦ፣ ድንገት ጣቶቹን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። አሸተታቸው። ፊቱ ተሸበሸበ። ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ እያንዳንዷን ጣት ለብቻ ጠረገና መሐረቡን ከዛፉ ሥር ጣለው። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሣና የቀረችዋን ሣጥን ሞላ። «አዎ» ላይ።

በዐይኔ ነው ያየሁት። አላወቀም ነበር የሚለኝ ካለ ያቺን መሐረብ እነግረዋለሁ።

ፈረንጁን ግን ሙሉ በሙሉ መጥላት አልቻልኩም፤ ብችል ይቀለኝ ነበር። ከምሳ በኋላ ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋና በመጠይቁ ላይ የሌለ ጥያቄ ጠየቀ። ባለሙያው እየቀፈፈው ወደ አማርኛ መለሰው፤ «እኛ ያልጠየቅናቸው፣ እነሱ ሊነግሩን የሚፈልጉት ነገር አለ ወይ ይላል።»

ተረጎምኩት። ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ዱላቸውን ተደግፈው በጨዋ ደንብ መለሱ።

«አለን። ብዙ አለን። ዛሬ ግን እንግዶቻችን ናችሁ፤ እደሩ። ነገ ጠዋት ጉዳያችንን እንነግራችኋለን፣ ውኃውንም እናስቀምሳችኋለን።»

ባለሙያው ሰዓቱን እያየ፣ «ምን አሉ?» አለኝ።

ቀጥሎ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ በሐሳቤ ላስተካክለው ሞክሬአለሁ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፣ ሾፌሩ ቸኩሎ ነበር፣ ልማዱን ላስረዳ ብል ረጅም ነበር እላለሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ሰበብ ነው። እውነተኛው ምክንያት «በቋሚነት» የምትለዋ ቃል ናት። ሆድ አደር የሚባለውን ሰው ከዚያ በፊት በስድብ ብቻ ነበር የማውቀው።

«ሌላ የላቸውም፣» አልኩት። «እናመሰግናለን ነው የሚሉት።»

ፈረንጁ ፈገግ ብሎ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ እጅ ነሣቸው። እሺ እናድራለን ያለ መሰላቸው። ላንድሮቨሩ ሲንቀሳቀስ እንኳ ዕቃቸውን ሊያመጡ ነው ብለው ነው የሸኙን።

ማግስቱን ጠዋት ሆሳዕና፣ ሆቴሉ በር ላይ፣ ባለሙያው ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ተራገመ። የመጨረሻው ገጽ የገበሬ ማኅበሩ ማኅተም ይፈልጋል፤ ያለ ማኅተም ዋጋ የለውም። እሱ መልሶ መሄድ አልፈለገም። ለእኔ ሰጠኝና የእህል ጭነት በሚሄድ መኪና ላይ አሳፈረኝ። መንገድ ላይ ገጹን አነበብኩት። በባለሙያው ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ «ተጠቃሚዎች በውኃው አቅርቦትና ጥራት ሙሉ በሙሉ ረክተዋል። ተጨማሪ ጥያቄ የላቸውም።» ከሥሩ «የኅብረተሰቡ አስተያየት» የሚል ርእስና አራት ባዶ መስመር አለ። ባዶዎቹ ላይ አንድ ረጅም ሰረዝ አስምሮባቸዋል።

ስደርስ ሁሉም ዛፉ ሥር ተሰብስበዋል። የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። ከፊታቸው ሁለት ቅል ተቀምጧል፤ የአንዱን ውኃ ከቧንቧው ቀድተውታል፣ የሌላውን ከተደፈነው ምንጭ ስንጥቅ ጠብ ጠብ የሚለውን አጠራቅመው ነው ያመጡት። የተነጠፈው አልጋ በተከፈተው የሊቀመንበሩ በር ይታያል፤ ጋቢው አልተነካም።

«እንግዶቹስ?» አሉኝ።

«ሄደዋል፣» አልኩ።

ሽማግሌው ዱላቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው መሬት መሬት አዩ። እኒያ እናት ተነሡ። ልጅቷ ጀርባቸው ላይ እንደ ትናንትናው አንገቷን እንኳ አላነሣችም። ሁለቱን ቅሎች አንሥተው ፊቴ ቆሙ።

«አፋቸው አንተ ነበርክ፣» አሉኝ። «አንተ ቅመስ።»

እጄን ዘረጋሁ። ማሰብ አላስፈለገኝም፤ አፍንጫዬ ቀድሞኝ መርጧል። በስተቀኝ ያለውን፣ የላይኛውን ምንጭ ውኃ፣ ተቀብዬ ጠጣሁ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ጣፋጭ ነበር። ሌላውን ቅል በዐይኔ እንኳ አላየሁትም።

«አየህ፣» አሉ እኒያ እናት፣ ያለ ቁጣ። «አንተም ታውቀዋለህ። እንግዲህ ይህንን ጻፍላቸው።»

እስክሪብቶ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አራቱ መስመሮችም እጄ ላይ ነበሩ፤ ሰረዙ በላዩ ላይ መጻፍ አይከለክልም። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ልጆች የሚጽፉት ዐይነት ዐረፍተ ነገር። እኔ ግን ወረቀቱን ወደ ሊቀመንበሩ ዘረጋሁለት።

«ምን ይላል?» አለ። መሠረተ ትምህርት ተምሮ ከማተሚያ ቤት የወጣ ፊደል ያነባል፤ የእጅ ጽሑፍ ግን አይሆንለትም።

«መጥተው እንደነበር የሚያሳይ ነው፣» አልኩት። «ጉዳያችሁን በቃሌ እነግራቸዋለሁ። ማኅተሙን ምታበት።»

አመኑኝ። የኛ ልጅ ነው ብለው አመኑኝ። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ፣ እፍ እፍ አለበት፣ በጥንቃቄ መትቶ ደስ እያለው መለሰልኝ። ሴቶቹ ለመንገዴ ጥሬ ቋጠሩልኝ። መኪና ላይ ስወጣ ጥሬውን መብላት አልቻልኩም፤ ለተሳፋሪው አደልኩት።

ሆሳዕና ስመለስ ባለሙያው ጽሑፉን አላየም፤ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አዙሮ አይቶ «ጎበዝ» አለኝ። ፈረንጁ እጄን ጨበጠኝ። አፌን ከፈትኩ፤ እኔንና እሱን የሚያነጋግረን ሰው ባለሙያው ራሱ መሆኑ ትዝ ሲለኝ መልሼ ገጠምኩት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውስጥ ለውስጥ ነው የሚነቅዘው፤ እኔ ሆዴን አውቀዋለሁ። በሳምንቱ ሾኔ ላለው ሥራቸው ወሰዱኝ፤ እዚያም «አዎ» እያልኩ ዋልኩ።

ሁለት ወር ያህል አለፈ። አንድ ቀን ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት እንደገና ተጠራሁ። ስገባ እኒያ እናት፣ ሊቀመንበሩና አምስት ስድስት ሴቶች ግድግዳውን ታከው ቆመዋል። ሴቶቹ በጠራራ ፀሐይ ዶማ ይዘው ሄደው የላይኛውን ምንጭ ሲሚንቶ አፍርሰዋል፤ መጀመሪያ የመቱት እኒያ እናት ናቸው። ሊቀመንበሩ ደግሞ ቆሞ አይቶ አልከለከለም። ክሱ የሕዝብን ንብረት ማፍረስና የመንደር ምሥረታን ማደናቀፍ ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ክስ አልነበረም። የእኒያ እናት ጀርባ ላይ ያቺ ልጅ የለችም። ቤት ትተዋት ይሆን፣ ሌላ ይሁን፣ ደፍሬ አልጠየቅሁም። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«ለእንግዶቹ ነግረናል ይላሉ፣» አለኝ ኃላፊው። «ውኃው እንደሚሸት፣ ልጆች እንደታመሙ፣ በዚህ ልጅ አፍ ነግረናል ይላሉ።» መሳቢያውን ስቦ አንድ ወረቀት አወጣ። ማኅተሙ ሐምራዊ ነው፤ ሳይደበዝዝ ቁልጭ ብሏል። «እስቲ በቋንቋቸው አንብብላቸው። የገዛ ማኅተማቸው ነው።»

አነበብኩት። ተጠቃሚዎች በውኃው አቅርቦትና ጥራት ሙሉ በሙሉ ረክተዋል። ተጨማሪ ጥያቄ የላቸውም። በሐዲይኛ ሲሆን ነገሩ የባሰ አጭር ነው።

ሊቀመንበሩ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዷ «ማነው የረካው?» አለች፣ በእርግጥ ያልገባት ሰው ድምፅ ነው። እኒያ እናት ግን እኔን ነበር የሚያዩት። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ እወድ ነበር።

«እንደገና አንብበው፣» አሉኝ።

እንደገና አነበብኩት። ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ድምፄ ለአፍታ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።